ከአዳማ ወደ ባሕር የሚወርደው መስመር

የአዳማ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሠራተኞች፣ የከተማው ነዋሪዎች፣ ከዩኒቨርሲቲ የመጣችሁ ተማሪዎች፤

ዛሬ የምናገረው ስለ አንድ መስመር ነው። መስመሩ ከዚህ ከተማ ተነስቶ በወለንጪቲ፣ በመተሐራ፣ በአዋሽ ሰባት፣ በገዋኔ፣ በሚሌና በሰመራ አልፎ ጋላፊ ላይ ድንበር ይሻገራል፤ ከዚያም ጅቡቲ ይገባል። እዚህ ሼዶች ውስጥ ተሰፍቶ ወደ ውጭ የሚላክ ልብስ መርከብ የሚደርሰው በዚህ መንገድ ወይም በጅቡቲ ባቡር ነው። ከውጭ የሚገዛው ጨርቅ፣ ክር፣ ዚፕና የስፌት መኪና መለዋወጫም የሚገባው በዚያው ነው። እናም መንገዱ በየት በኩል ያልፋል የሚለው ጉዳይ ማሽን ላይ እስከተቀመጠችው ልጅ ደመወዝ ድረስ ይነካል።

መንገድ በአንድ በኩል ያልፋል ተብሎ አንዴ ከተወሰነ በኋላ ገበያው፣ ቤቱና የሰው ኑሮ ያንኑ ተከትለው ይተከላሉ፤ ከመቶ ዓመት በኋላም አይነቀሉም። ከአዳማ ወደ አዋሽ እንዲዘረጋ የታቀደው የፍጥነት መንገድ 125 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የመጀመሪያው 60 ኪሎ ሜትር በአፍሪካ ልማት ባንክ ድጋፍ እንዲሠራ ተይዟል። የዚህ መንገድ መውጫና መግቢያ፣ ድልድዩና መሻገሪያው የአዳማንና ከእሷ በታች ያሉትን ከተሞች ዕጣ ይወስናል። ዛሬ ልናገር የመጣሁትም የዚህ አገር ሰው በጊዜው አፉን ከፍቶ ይናገር ለማለት ነው።

በመጀመሪያ መሬቱን እንየው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ተቀምጣለች። አዳማ 1,600 ሜትር አካባቢ ነች። መተሐራና አዋሽ ሰባት 1,000 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው። ከዚያ ወዲያ ሜዳው እየሰፋና እየዘቀጠ ይሄድና ጅቡቲ ውስጥ አሳል ሐይቅ ላይ ከባሕር ወለል በታች 155 ሜትር ይደርሳል። የአፋርን ሜዳ ሰሜናዊ ክፍል ባሕሩ የለቀቀው መሬት ብንለው አንሳሳትም፤ በዳሎል ቀይ ባሕር ገብቶበት እንደነበረ ያ ሁሉ የጨው ንጣፍ ይመሰክራል።

ወደዚያ ሜዳ የሚያወርደን አሮጌው መንገድ መሪ አዋሽ ነው። ከጊንጪ አካባቢ ደጋዎች ይነሳል፤ በ1952 ዓ.ም. የተመረቀው የቆቃ ግድብ ላይ ያርፋል፤ በወንጂ በኩል ይወርድና መተሐራን አልፎ አፋር ይገባል። ወደ 1,200 ኪሎ ሜትር ተጉዞም አቤ ሐይቅ ላይ ይቀራል እንጂ ባሕር አይደርስም። መንገዱ ግን የግድ መድረስ አለበት። ስለዚህ የአዋሽን ሸለቆ ይዞ እስከ ታችኛው አዋሽ ይወርድና ወንዙን እዚያ ትቶት ወደ ጋላፊ ይቀጥላል። ከደጋ ወደ ባሕር ለመውረድ በዚህ አቅጣጫ ከዚህ የተሻለ ተዳፋት አይገኝም፤ የግመል ሲራራ ነጋዴውም፣ የባቡር መሐንዲሱም፣ የዛሬው ባለ ተሳቢም ወደዚሁ ሸለቆ የተሳቡት ለዚህ ነው።

የመስመር ምርጫ አገር እንዴት እንደሚለውጥ ለማየት የባቡሩን ታሪክ እናንሳ። ዐፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር ፈቃድ ሲሰጡ ሐሳቡ ሐዲዱ ከጅቡቲ ሐረር፣ ከሐረር እንጦጦ፣ ከእንጦጦም በከፋ አድርጎ እስከ ነጭ ዓባይ ይድረስ የሚል ነበር። ሥራው በ1890 ተጀመረ። ሐረር ግን ተራራ ላይ ናት። ሐዲዱን ሽቅብ አውጥቶ መልሶ ማውረዱ ገንዘብም ጊዜም የሚበላ ስለሆነ መሐንዲሶቹ ተራራውን ትተው በግርጌው ቆላ ይዘው ሄዱ። በ1895 ሐዲዱ ደርሶ የቆመበት ሜዳ ድሬዳዋ ሆነ።

እስቲ ይህን አስቡት። ሐረር ለዘመናት የቡናና የጨርቅ፣ የመጽሐፍና የሃይማኖት ትምህርት ከተማ ነበረች፤ ነጋዴዎቿ ከዘይላና ከበርበራ ጋር ይነግዱ ነበር። ሐዲዱ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ራቅ ብሎ ሲያልፋት የሐረር ቡና ወደ ድሬዳዋ ይወርድ ጀመር። ጋራዡ፣ ጉምሩኩ፣ የፈረንሳይኛው ትምህርት ቤት፣ በኋላም የጨርቃ ጨርቅና የሲሚንቶ ፋብሪካው ከዚያ በፊት ይህ ነው የሚባል ከተማ ያልነበረበት ሜዳ ላይ ተተከሉ። ማንም ሐረርን ልጉዳ ብሎ አላሰበም። ወጪ አስልተው አንድ መስመር ወረቀት ላይ አሰመሩ፤ የቀረው ሁሉ ከዚያ ተከተለ።

ኩባንያው በመሃል ከስሮ በሌላ ተተክቶ ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። የእንፋሎት ባቡር በየተወሰነ ርቀት ውኃና ማገዶ ይፈልጋል፤ ጣቢያዎቹም በዚያ ልክ ተተከሉ። አፍደም፣ ሚኤሶ፣ አዋሽ፣ መተሐራ፣ አዳማ፣ ሞጆ፣ ቢሾፍቱ፣ አቃቂ እያልን የምንጠራቸው ከተሞች ያደጉት ባቡር ቆሞ ሲተነፍስ ሰው ወርዶ ሲበላና ሲነግድ ነው። ናይሮቢም እኮ በ1891 ዓ.ም. የሞምባሳ ባቡር ዕቃ ማስቀመጫ ሆና ነው የተጀመረችው። አዳማ በጣቢያ የተወለደች፣ በመስቀለኛ መንገድ ያደገች ከተማ ናት፤ ወደ አርሲና ባሌ የሚወጣው፣ ወደ ሐረርጌ የሚሄደው፣ ወደ ባሕር የሚወርደው ሁሉ እዚህ ይገናኛል። ወደ ከተማዋ የመጣው ብዙው ሀብት ይህን መስቀለኛ መንገድ ተከትሎ የመጣ ነው።

ከዚያ ግንቦት 1990 መጣ። ከኤርትራ ጋር ጦርነቱ ሲነሳ የአሰብ ወደብ ተዘጋና ጭነቱ ሁሉ ወደ ጅቡቲ ዞረ። ዛሬ ከአገሪቱ የገቢና ወጪ ዕቃ ከ90 በመቶ በላይ በጅቡቲ በኩል ነው የሚያልፈው። ከመቶ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ያላት አገር አብዛኛውን ነዳጇን፣ ማዳበሪያዋንና ከውጭ የምትገዛውን ስንዴ በአንድ ጠባብ ኮሪደር ታስገባለች ማለት ነው። ያ ኮሪደር በራችን ላይ ነው።

በመስከረም 2007 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ የመጣው ይህ ሁሉ ጭነት አሮጌውን መንገድ ስላነቀው ነው። 85 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ 31 ሜትር ስፋት፣ ስድስት መስመር። 612 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ወጥቶበታል፤ ከዚህ 57 በመቶው የቻይና ኤክዚም ባንክ ብድር ነው። ከቱሉ ዲምቱ ክፍያ ጣቢያ የገባ መኪና ዱከምን፣ ቢሾፍቱንና ሞጆን በጎን አልፎ ከአንድ ሰዓት ትንሽ በሚበልጥ ጊዜ አዳማ ይደርሳል። ያንን አሮጌ መንገድ የምታስታውሱ ሰዎች እዚህ አላችሁ፤ ከሲኖትራክ ኋላ ተሰልፎ መዋልን፣ በጠባብ ቦታ ለመቅደም የወጣ ሚኒባስ ያስከተለውን ለቅሶ ታውቁታላችሁ። ይህ መንገድ ሰው አድኗል። ለዚህ ብቻ እንኳ ሊመሰገን ይገባዋል።

ነገር ግን የታጠረ መንገድ ነው። እግረኛ አይገባም፤ ባጃጅ አይገባም፤ በሬና ፍየል አይሻገርም። መውጫ ያገኘ ከተማ ይጠቀማል፤ ያላገኘ መኪናው ሲያልፍ ይሰማል እንጂ አይጠቀምም። ዱከም ምሥራቅ የኢንዱስትሪ ዞንን ይዛ ነበርና ተረፈች። ቢሾፍቱ ሐይቆቿን ይዛ የቅዳሜና እሁድ እንግዳ አበዛች። ሞጆ የአገሪቱ ትልቁ ደረቅ ወደብ አለላት። እነዚህ ከተሞች መኪናው ከሩቅም ቢሆን የሚመጣላቸው ነገር ነበራቸው። የእኔ ስጋት ከአዳማ በታች ስላሉት ነው። ወለንጪቲ ላይ መንገድ ዳር ሽንኩርት የምትሸጠው እናት፣ መተሐራ ላይ ጎማ የሚጠግነው ልጅ፣ አዋሽ ሰባት ላይ ለሾፌርና ለረዳት አልጋ የምታከራየው ሴት ገቢያቸው መኪናው በደጃቸው ስለሚያልፍ ነው። መኪናውን ከደጃቸው የምንወስደው ከሆነ በምትኩ የት ቆመው እንደሚሠሩ አብሮ ንድፉ ላይ መግባት አለበት፤ ማረፊያ፣ የከባድ መኪና ማቆሚያ፣ ገበያ፣ በአጥሩ ውስጥ ሕጋዊ ቦታ።

አሁን ከአዳማ ወደ ታች ከአንድ የጭነት መኪና ኋላ እንሂድ። ከፍጥነት መንገዱ የወጣ ባለ ተሳቢ አዳማን አልፎ ወደ ወለንጪቲ ሲያቀና ስድስት መስመር የነበረው መንገድ ሁለት ይሆንበታል። ከፊት ቦቴ፣ ከኋላ አውቶቡስ፣ ዳር ላይ አህያ። ሙቀቱ ይጨምራል። መተሐራ አካባቢ ከሰዓት በኋላ አስፋልቱን ልብ ብላችሁ ብታዩት በአንድ ወገን የጎላ የጎማ ቦይ ታያላችሁ፤ ጎማ ያረፈበት ሰርጎ፣ መሃሉ ጀርባ አውጥቶ። ከጅቡቲ ወደ መሃል አገር በሚያመጣው ወገን ነው ቦዩ የሚብሰው። ምክንያቱም የምናስገባው ዕቃ በክብደት ከምንልከው እጅግ ይበልጣል። ተጭኖ የሚመጣው መኪና ሽቅብ ነው የሚወጣው፤ በሙቀት በለሰለሰ አስፋልት ላይ በዝግታ እያቃሰተ ይጎተታል። የመንገድ መሐንዲሶች ደንብ እንደሚለው ደግሞ ጉዳቱ ከአክስሉ ክብደት ጋር በአራተኛ ደረጃ ነው የሚያድገው፤ ክብደቱ እጥፍ ሲሆን ጉዳቱ አሥራ ስድስት እጥፍ ይሆናል። የሚዛን ጣቢያ ላይ በዝምታ የሚታለፍ አንድ ትርፍ ጭነት ለአገር የሚያስከፍለው ዋጋ ይህን ያህል ነው። ወደ ታች የሚወርደው ባዶ ወይም ቀላል ኮንቴይነር የጫነ መኪና ግን አስፋልቱን ብዙም አይጎዳውም። አዲሱ መንገድ በሁለቱም ወገን እኩል ውፍረት ይኑረው ወይስ የሚወጣው ወገን ይጠንክር የሚለው እንግዲህ ወረቀት ላይ ያለ ነገር ብቻ አይደለም፤ በየዓመቱ የጥገና በጀት ሆኖ የሚመጣ ነው።

መተሐራ ላይ ደግሞ በሰቃ ሐይቅ አለ። በ1950ዎቹ ስፋቱ ሦስት ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር፤ ዛሬ ከ40 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሆኗል። ውኃው ጨዋማ ነው፤ ለሰውም ለእርሻም አይሆንም። ተመራማሪዎች ከከርሰ ምድር የሚመጣ ውኃን፣ ከመስኖ እርሻ የሚወርደውን ትርፍ ውኃና የስምጥ ሸለቆውን የመሬት እንቅስቃሴ በምክንያትነት ይጠቅሳሉ። ሐይቁ አውራ ጎዳናውን አስፈራርቶ መንገዱ ከፍ ተደርጎ መሠራት ነበረበት፤ የድሮው ሐዲድም ከዚሁ ውኃ ጋር ታግሏል። አሁን በመኪና ስታልፉ ግራና ቀኝ ውኃ፣ ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፣ ከፊት ለፊት ፈንታሌ ተራራ ይታያችኋል። ሲያዩት ያምራል። መንገድ ለሚሠራ ሰው ግን ውኃው ወደፊት ስንት ሜትር እንደሚነሳ ሳይገምት አንድም ድንጋይ ሊያስቀምጥበት የማይገባ ቦታ ነው።

ፈንታሌን ካነሳሁ ስለ መሬቱ መንቀጥቀጥ ሳልናገር አላልፍም። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በአዋሽ ፈንታሌና በዶፈን አካባቢ መሬቱ ለወራት ተናወጠ። በታኅሣሥ መጨረሻ ከ5.5 በላይ የተለካ ደረሰ፤ የካቲት ላይ 6.0 ገደማ ተመዘገበ። ከ80 ሺህ በላይ ሰው ከቤቱ ተነስቶ ወደ ሌላ ቦታ ተወሰደ። ቤት ፈረሰ፤ መሬት ተሰነጠቀ፤ መንገድም ላይ ስንጥቅ ታየ፤ በአካባቢው ስላለው የከሰም ግድብ ሁላችንም ሰጋን። አዳማ ያለነውም ሌሊት አልጋችን ሲወዛወዝ ተሰምቶናል። የአፍሪካ ምድር በዚህ ስምጥ ሸለቆ ለሁለት እየተለያየ ነው፤ በዓመት አምስት ሚሊ ሜትር ገደማ፣ ከጥፍር እድገት በዘገየ ፍጥነት። አንዳንድ ጊዜ ግን የብዙ መቶ ዓመቱ በአንድ ጊዜ ይመጣል፤ በ1998 ዓ.ም. መጀመሪያ በሰሜን አፋር ዳባሁ ላይ 60 ኪሎ ሜትር የሚረዝም ቦታ በቀናት ውስጥ ተከፍቶ እስከ ስምንት ሜትር ድረስ የሰፋበት አለ።

ይህን ስል መንገድ አይሠራ ማለቴ አይደለም። ጃፓንም ቱርክም የሚንቀጠቀጥ መሬት ላይ መንገድ ሠርተው ይኖራሉ። ስንጥቁ የታወቀበትን ቦታ ሲቻል መሸሽ፣ ካልተቻለ በቀጥታ አቋርጦ ማለፍ እንጂ ከስንጥቁ ጋር ጎን ለጎን ለረጅም ርቀት አለመሄድ፣ እዚያ ላይ ረጅም ድልድይ ከማቆም አፈር ቆልሎ መሥራት፣ ሲሰነጠቅም በዕለቱ የሚጠግን ቡድንና ሬድ አሽ የሚባለውን ቀይ የእሳተ ገሞራ ጠጠር በቅርብ ማዘጋጀት ነው ጥበቡ። ከሁሉ በላይ ደግሞ የጎን መንገድ መኖር አለበት። ዛሬ መተሐራና አዋሽ መካከል መንገዱ ለአንድ ሳምንት ቢዘጋ አገሪቱ ነዳጅ በምን ታገኛለች? ከድሬዳዋ እስከ ደወሌ የተሠራው 220 ኪሎ ሜትር ገደማ የክፍያ መንገድ ወደ ጅቡቲ ሌላ በር ከፍቷል፤ ወደ ድሬዳዋ ለመድረስ ግን ያው አዋሽን መሻገር ነው። አሮጌውን መንገድ አዲሱ ከተሠራ በኋላ ችላ ማለት ለዚህ ነው ትልቅ ስህተት የሚሆነው። ሁለቱም ሕያው ሆነው መኖር አለባቸው።

ደግሞም ይህ ሜዳ ባዶ አይደለም። የከረዩ አርብቶ አደር ከብቱንና ግመሉን ይዞ በበጋና በክረምት መካከል ከአንዱ ግጦሽ ወደ ሌላው፣ ከዚያም ወደ አዋሽ ውኃ ይሄዳል። የመተሐራ የስኳር እርሻ የወንዙን ዳር ይዞበታል፤ የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ሌላውን ይዞበታል፤ አሁን ደግሞ አጥር ያለው መንገድ ሊመጣ ነው። በከብቶች መሄጃ ላይ በቂ ቁመትና ስፋት ያለው ማሳለፊያ ካልተሠራለት እረኛው አጥሩን ይቆርጣል፤ ሌሊት በ120 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የሚመጣ መኪናና ግመል ሲገናኙ የሚሆነውን መናገር አያስፈልግም። ግመል ረጅም ነው፤ ዝቅ ባለ ቱቦ አይገባም። ይህን የሚያውቀው ደግሞ እረኛው ራሱ ነው፤ መንጋው የት እንደሚሻገር ለመጠየቅ አዛውንቶቹ ዘንድ ሄዶ ቁጭ ማለት የሚፈጀው ጥቂት ቀን ነው። የብሔራዊ ፓርኩ ሳላዎችም እንዲሁ ናቸው፤ አውራ ጎዳናው ፓርኩን ሰንጥቆ ነው የሚያልፈው።

ወደ ደቡብ ስለሚሄደው ክንፍ ባጭሩ፦ ከሞጆ ሐዋሳ የሚሄደው 200 ኪሎ ሜትር ገደማ የፍጥነት መንገድ በአራት ክፍል ተከፍሎ የተጀመረ ሲሆን፣ ሞጆ–መቂ–ባቱ ያለው ቀድሞ ለአገልግሎት በቅቷል። ቲማቲምና ሽንኩርት፣ ከባቱ የሚወጣው አበባም በቶሎ እንዲደርስ ማድረጉ ትልቅ ነገር ነው። ያ መንገድና የእኛ መንገድ የሚገናኙት ሞጆ ላይ ነው፤ የሞጆ መጨናነቅ የእኛም መጨናነቅ ነው።

ባቡሩን አልረሳሁትም። እስከ ጅቡቲ 750 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝመው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር መስመር በመስከረም 2009 ተመርቆ በታኅሣሥ 2010 የንግድ ሥራ ጀምሯል። ከሰበታ እስከ አዳማ ሁለት ሐዲድ አለው፤ ከአዳማ በታች አንድ ነው። ሰው ብዙ ጊዜ ባቡርና መንገድን ተፎካካሪ ያደርጋቸዋል። ለኮንቴይነር ባቡሩ ይሻላል፤ ጣቢያ ላይ የወረደውን ኮንቴይነር ፋብሪካ በር ድረስ የሚያደርሰው ግን መኪና ነው። የመጨረሻዎቹ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ላይ ዕቃው በከተማ መንገድ ውስጥ ከባጃጅና ከተማሪ ጋር ተጋፍቶ ግማሽ ቀን ከዋለ በባቡር ያተረፍነው ሰዓት እዚያው ጠፋ።

ለዚህ ፓርክ ይህ ቀልድ አይደለም። ፓርኩ በ2011 ዓ.ም. መጀመሪያ ተመረቀ። በታኅሣሥ 2014 ኢትዮጵያ ከአሜሪካው የአጎዋ የቀረጥ ነፃ ዕድል ስትወጣ ወደ አሜሪካ ይልኩ የነበሩ ፓርኮች ሁሉ ተመቱ፤ ሥራ ያጣችውን እህታችንን ሁላችንም እናውቃታለን። ቀረጥ ከተጨመረበት ሸሚዝ ላይ ሊቀነስ የሚችለው የማጓጓዣው ወጪ ነው። የልብስ ገዢ ደግሞ ስለ ኪሎ ሜትር አይጠይቅም፤ በስንት ቀን ይደርሳል፣ ባላችሁትስ ቀን ይደርሳል ወይ ነው የሚለው። መርከቡ በጅቡቲ ዶራሌ ወደብ ላይ አይጠብቅም። ጨርቁ ሲዘገይ የስፌት መስመሩ ይቆማል፤ መስመሩ ሲቆም የትርፍ ሰዓት ክፍያ ይቀራል።

ስለዚህ የአዳማ–አዋሽ ንድፍ ሲቀርብ ከአዳማ ሰው የሚጠበቀው ጥያቄ የታወቀ ነው። ከፓርኩ ወደ ፍጥነት መንገዱና ወደ ባቡር ጣቢያው መሃል ከተማ ሳይገባ የሚወስድ የከባድ መኪና መንገድ አለ ወይ? ለወለንጪቲና ለመተሐራ መውጫው የት ነው፣ የጭነት መኪና ማረፊያውስ? የከረዩ መሻገሪያ በስንት ቦታ ነው፣ ቁመቱስ ግመል ያሳልፋል? በበሰቃ ዳር መንገዱ በምን ያህል ከፍታ ይሠራል? በፈንታሌ ግርጌ መሬቱ ከተናወጠ ወዲህ የስንጥቆቹ ካርታ ታድሷል ወይ? እናንተ የሲቪል ምሕንድስና ተማሪዎች ይህን የመጨረሻውን ለመመረቂያ ጥናታችሁ ብትወስዱት አገር ትጠቅማላችሁ፤ ቦታው ከዚህ በአውቶቡስ የጥቂት ሰዓት መንገድ ነው። የፓርኩ አምራቾችም ኮንቴይነራችሁ ከዶራሌ ወጥቶ እዚህ በር እስኪደርስ የት የት ስንት ሰዓት እንደቆመ በየጉዞው መዝግባችሁ ያዙ፤ ስብሰባ ላይ ከእሮሮ ይልቅ ያ መዝገብ ነው የሚሰማው።

እኔ ያለኝን ብያለሁ። ሾፌሮች ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጣችሁ አያችኋለሁ፤ መንገዱን በየሳምንቱ የምትመላለሱበት እናንተ ናችሁና የመጀመሪያው ጥያቄ ከእናንተ ቢሆን ደስ ይለኛል።